ከገንዳ ዳር የተሰበሰበ ጥሎሽ

እጅ አስቸጋሪ ፍጥረት ነው። በዚያ በኮሮና ሰሞን ለአፍና ለአፍንጫ መላ ተገኘላቸው፤ ማስክ ተደረገላቸውና ዝም አሉ። እግርም ቢሆን ቤት ዋል ሲባል እያጉረመረመ ዋለ። እጅ ግን ይታጠባል፣ በአልኮል ይታሻል፣ እንደገና ይታጠባል፣ ከዚያ ጭናችሁ ላይ ተጋድሞ «እሺ፣ አሁንስ?» ይላችኋል። የእናንተው ምን እንዳደረገ አላውቅም። ዳቦ ያስጋገራችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ፤ የባላችሁን ፀጉር አስቆርጧችሁ ለወራት ያኳረፋችሁም አላችሁ።

የእኔ እጅ ዕድሜውን ሙሉ አውሮፕላን ሆድ ሥር ብሎን ሲያጠብቅ የኖረ ነው። አቡዳቢ ላይ አውሮፕላኖቹ ሞተራቸው ተሸፍኖ በረድፍ ሲቆሙና እኛ ቴክኒሻኖቹ በፈረቃ ቤት እንድንቀመጥ ሲነገረን፣ ይህ እጅ የመጀመሪያ ጥቃቱን የሰነዘረው በቤታችን በሮች ላይ ነበር። ማጠፊያዎቹን ሁሉ አጠበቀ። ወደ ቁምሳጥኑ ተሻገረ። ቀጥሎ የባለቤቴን የሂሩትን መነጽር አገኘና ብሎኗን ከልክ በላይ ከማጥበቁ የተነሳ መነጽሩ ከዚያ ወዲያ አልታጠፍም አለ። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባል የለ። እኔ ቆብ ስለሌለኝ የሚቀደድ ነገር ፍለጋ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ውጭ ማለት ያኔ ከደጃፋችን እስከ ቆሻሻ ገንዳው ድረስ ነው። ቆሻሻ መጣል ሽርሽር የሆነበት ዘመን ስለነበር እኔና ሂሩት ተራ ገብተን ነበር የምንጥለው፤ የሰው ተራ የወሰደ ይወቀሳል። አል ካራማ ውስጥ የምንኖርባት ቪላ ለብዙ ቤተሰብ የተሸነሸነች ናት። በሰፈሩ ሥራቸውን ያጡ ሰዎች የመመለሻ በረራ ባገኙ ቁጥር ሻንጣ ያልቻለላቸውን ዕቃ ገንዳው ዳር በሥርዓት ደርድረው ይሄዱ ነበር። ልብ በሉ፣ ገንዳው ውስጥ አይደለም፤ ዳር ነው። ውስጥ የገባ ቆሻሻ ነው፤ ዳር የተቀመጠ ግን «የፈለገ ይውሰደው» ማለት ነው። ይህ በዚህ አገር ሕንዱም ፊሊፒኖውም ሐበሻውም ያለ አስተርጓሚ የሚግባባበት ሕግ ነው። እዚያ ነው ያገኘኋቸው፤ የቆመ የግድግዳ ሰዓት፣ የናስ መጋረጃ ቀለበቶች፣ ከጣሪያ መብራት የረገፉ ክሪስታሎች፣ ሻንጣቸው የት እንደደረሰ የማይታወቅ ትናንሽ የሻንጣ ቁልፎች። የሰው ኑሮ ፈርሶ እንደዚያ ተደርድሮ ሲታይ ያሳዝናል፤ አዝኛለሁም። እጄ ግን ደስ አለው፣ ልዋሻችሁ አልችልም።

ሰዓቱን ወስጄ ፈታሁት። ከሆዱ የወጡትን ጥርሳም የናስ ክቦች በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁ፣ በጥርስ ሳሙና ወለወልሁ፣ ሥራቸው አንዳንድ ክሪስታል አንጠልጥዬ ለሂሩት ጉትቻ ሠራሁላት። ሂሩት የአንድ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ሠራተኛ ናት። በማግስቱ ጉትቻውን አድርጋ ዙም ላይ ቀረበች። አለቃዋ ስለ ሠራተኛ ቅነሳው የሚያስጨንቀውን ነገር እያብራራች ሳለ አቋርጣ ጉትቻው ከየት እንደተገዛ ጠየቀቻት። ሂሩትም ዐይኗን ሳታሽ ከጣሊያን ነው አለች። ኋላ ስጠይቃት የጥርስ ሳሙናው የጣሊያን መሆኑን ጠቅሳ ተከራከረችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ በጓደኞቿ ፊት ታፍርብኝ የነበረችው ልጃችን ሶስናም «ዳዲ፣ ዚስ ኢዝ ሶ ኩል» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ሰው ነበርኩ ብላችሁ አታስቡ። ሰክሬ ነበር። የብሎን ሮንዴላ ሳይ ቀለበት ይታየኛል፤ የአሮጌ ዣንጥላ ሽቦ ሳይ አምባር ይታየኛል። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ በትናንሽ ብረታ ብረት ተሞልቶ ሂሩት ምስር ስትለቅም የብሎን ዳዶ ታገኝ ጀመር። አርባ ዓመት ያለፈው ሰው፣ የሚያከብሩት የአውሮፕላን ቴክኒሻን፣ መስታወት ፊት ቆሞ የሴት ጉትቻ በራሱ ጆሮ ላይ እየለካ በደስታ ብቻውን ሲስቅ አስቡት። እኔ ነበርኩ።

አንድ ነገር ላስረዳችሁ፣ ኋላ ስለሚያስፈልገን። አውሮፕላን ሲበር ይንቀጠቀጣል፤ የሚንቀጠቀጥ ነገር ደግሞ ብሎኑን ቀስ በቀስ ይፈታል። ስለዚህ እኛ ብሎን አጥብቀን ብቻ አንሄድም። ሴፍቲ ዋየር የምንለውን ቀጭን፣ የማይዝግ ሽቦ በብሎኑ ራስ ቀዳዳ አሳልፈን፣ ለዚሁ በተሠራ ፒንሳ ጠምዝዘን፣ ትርፉን ቆርጠን፣ ጫፉን እጅ እንዳይቧጥጥ ወደ ውስጥ እንቀብረዋለን። ከዚያ ወዲያ ያ ብሎን ሰማይ ቢናድ አይፈታም። ጌጦቼንም የማስራቸው በዚሁ ነበር። ሌላ ሰው ዶቃ በክር ይሰካል፤ እኔ ግን ሀብል የምሠራው ከደመና በላይ እንዳይፈታ አድርጌ ነው።

እንግዲህ በዚህ ስካሬ መሃል ነው ሱራፌል የመጣው። ሱራፌል የአጎቴ ልጅ ነው፤ አቡዳቢ ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ጨዋ ልጅ፣ ትንሽ ፈሪ። ደጃፋችን ላይ ማስኩን አጥልቆ፣ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ ጉዳዩን ከሩቅ እየጮኸ ነገረኝ፤ ያኔ ምስጢር የሚባል ነገር አልነበረም። እጮኛው ብሌን አል አይን ከተማ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ትሠራ ነበር። ሆቴሉ ተዘጋ፤ እሷም የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢቃማዋ፣ ሊሰረዝ ነውና ወይ ተጋብተው በእሱ ስም ትቀራለች፣ ወይ በቀጣዩ የመመለሻ በረራ ወደ አገር ትሄዳለች። ከሄደች መቼ እንደምትመለስ ማንም አያውቅም፤ ሰማዩ መቼ እንደሚከፈት እንኳ እኛ የአውሮፕላን ሰዎቹ አናውቅም። የሚፈራረሙበት ቀጠሮ ተይዟል። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱም እትዬ የሺ ናቸው።

እትዬ የሺ የብሌን አክስት ናቸው፤ የአባቷ ታላቅ እህት። አል አይን፣ አል ሙዋይጂ፣ ከጥንቱ ግንብ አጠገብ ባለ አሮጌ ቤት መኖር ከጀመሩ ዓመቱ አይቆጠርም። የአንድ ትልቅ ቤት ወጥ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ አሠሪያቸው ካፊሉም ሚስቱ ማዳሟም ጨው በዛ ለማለት ይፈሯቸው ነበር ይባላል። ብሌንን ወደዚህ ያመጧት እሳቸው ናቸው። አባትየው ጋሽ ታፈሰ ከናዝሬት ደውለው «እህቴ ካለች እኔ ካለሁ በላይ ነው፤ እሷ እሺ ያለችውን እሺ ብያለሁ» ብለዋል። እትዬ የሺ ደግሞ ጥሎሽ ሳይታይ ልጅ ከቤቴ አይወጣም ብለው ቁጭ አሉ።

ስለ ጥሎሽ ለእናንተ ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ነው። የሙሽራው ወገን ያመጣውን አንድ በአንድ ከሻንጣ እያወጣ ያሳያል። የሙሽሪት ወገን ደግሞ ደስ ቢለውም ደስ እንዳለው አያሳይም፤ ከንፈሩን ጣል አድርጎ «ይሄው ነው?» ይላል። ይህ ሁሉ ታልፎ ነው «ተቀብለናል» የሚባለው። ካልተቀበሉ ደግሞ ዕቃው ታጥፎ ወደ ሻንጣው ይመለሳል፤ ሙሽራውም አብሮት ይታጠፋል። በተለይ ወርቁ። እኛ ደግሞ ለወርቅ ያለን ዐይን! አል አይን ገበያ ውስጥ ማዳሟን ተከትላ የምትሄድ የአገሬ ልጅ የወርቁን ደረጃ ገና በሱቁ መስኮት አይታ ትለየዋለች።

የሱራፌል ወርቅ አለ። እናቱ አዲስ አበባ አሠርተው፣ በሳጥን አድርገው፣ ይዘውት ሊመጡ ትኬት ቆርጠው ነበር፤ ኤርፖርቱ ተዘጋ። እዚህ እንዳይገዛ ወርቅ ቤቶቹ ከነገበያ አዳራሾቹ ተቆልፈዋል፤ ደመወዙም ግማሽ ሆኗል። እትዬ የሺን ይህን ብሎ ቢለምናቸው መልሳቸው አጭር ነበር። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» አሉት። ወርቁ ሲመጣ ሰርጉ ይመጣል፤ ኸላስ፣ አለቀ።

ስለዚህ ሱራፌል የእኔን ናስ ወርቅ አስመስለን እናቅርብ ይላል። እዚህ ላይ ተቆጣሁ። እኔ ቴክኒሻን ነኝ፤ ያልሆነውን ዕቃ የሆነውን አስመስሎ መግጠም በእኛ ሙያ ኃጢአት ብቻ ሳይሆን እስር ቤት ነው። «ናስን ናስ ብዬ ነው የማቀርበው» አልኩት። «እሺ ካሉ እሺ፤ እምቢ ካሉም እውነቱን አውቀው ነው።» ሱራፌል እንባ በዐይኑ ሞላ። ከዚያ ምርጫ ስላልነበረው እሺ አለ። እኔ ግን ልቤ ይጨፍር ነበር፤ ለሙሽራ ሀብል ልሠራ ነው። በሰው ጭንቀት እንዲህ መደሰት አያምርም፤ ቢሆንም ደስታ ማስክ አያውቅም።

ሠራሁ። የሻንጣ ቁልፎቹን እንደ ጦር ጫፍ ዙሪያውን ደረደርኩ፣ በመካከላቸው የሰዓቱን ክቦች፣ በክቦቹ መካከል ክሪስታል። ሁሉንም በአንድ ወጥ ሽቦ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆረጥ፣ እየጠመዘዝኩ አለፍኩ። የጎደለው መሃሉ ላይ የሚንጠለጠለው ዋናው ጌጥ ነበር። ወደ አል አይን መሄጃው መንገድ በፈቃድ ሲከፈትልን እኔ፣ ሂሩትና ሱራፌል በጠዋት ተነስተን መጀመሪያ የጋራዦቹ ሰፈር ሰናይያ ወረድን፤ እዚያ ጋራዦቹ ጎን አሮጌ የመኪና ዕቃ የሚሸጡ አሉ። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት ይኸው ነው። አንድ ፓኪስታናዊ አዛውንት የዕቃውን ክምር በእግራቸው እየገፉ ሳሉ ከሥር ብልጭ አለ። የአሮጌ ላንድክሩዘር የነዳጅ መለኪያ። ክብ፣ ጠርዙ ናስ፣ ፊቱ ክሬም መስሎ የወየበ፣ መርፌው ሙሉ የሚለው ላይ ደርቆ የቀረ። መኪናው ውስጥ ቁጭ ብዬ ሀብሉ መሃል በተውኩት የሽቦ ቀለበት ላይ አንጠለጠልኩት። ሱራፌል አየውና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሂሩት ግን እኔን ስማኝ የማታውቀውን ያህል ሳመችኝ፤ በማስክ ላይ።

የሀብሉ መቆለፊያ? አልነበረውም። መቆለፊያ የሚሸጡት ሱቆች ሁሉ ተዘግተዋል። የሽቦውን ሁለት ጫፎች ክፍት ተውኳቸው፤ ሙሽሪት አንገት ላይ ስናደርገው ለጊዜው ጠለፍ አድርጌ እይዘዋለሁ ብዬ ፒንሳዬን ኪሴ ከተትኩ።

እትዬ የሺ ሳሎን ውስጥ የተፈቀደው ያህል ጥቂት ሰው፣ ወንበር ከወንበር ተራርቆ ተቀመጠ። እሳቸው መሃል ላይ፣ አዲስ ሹሩባ ተሠርተው፣ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው፣ ዘወትር የማይለያቸውን ወፍራም የወርቅ ሀብል አጥልቀው ነበር። ብሌን ከጎናቸው አንገቷን ደፍታለች። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስልክ ቆሟል። በአንዱ ጋሽ ታፈሰ፣ በሌላው የሱራፌል እናት። እናትየው ገና ሰላምታው ሳያልቅ የወርቁን ሳጥን ከፍተው ካሜራው ላይ ለጠፉት። «ይኸው፣ እህቴ፣ አለ! ዐይንሽ ይየው!» እያሉ ያገላብጣሉ፤ እኛ የሚታየን ቢጫ ጭጋግ ብቻ ነው።

«በቴሌቪዥን ወርቅ ድሮም አይቻለሁ» አሉ እትዬ የሺ።

እኔ ተነሳሁ። የሙሽራው ወገን ሽማግሌ እኔ ነኝ። ቀሚሱን አሳየሁ፣ ጫማውን አሳየሁ፣ ጉትቻውን አሳየሁ፤ ከንፈሮች በማስክ ውስጥ ጣል ሲደረጉ ይታወቀኛል። በመጨረሻ ሀብሉን በሁለት እጄ ከፍ አድርጌ ይዤ ምን ከምን እንደተሠራ አንድም ሳልደብቅ ተናገርኩ። ገንዳ የሚለውን ቃል ብቻ ዘለልኩት። ብሌን ቀሚሷን ጨብጣ በዐይኗ ሱራፌልን ስትፈልግ አየሁ። ቀልዴን ይዤ የመጣሁት የሰው ልጅ ዕጣ ላይ መሆኑ ገና ያኔ ገባኝ።

«መሃሉ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አለ ከስልኩ የጋሽ ታፈሰ ድምፅ። ጋሽ ታፈሰ በጉልበታቸው ዘመን የአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። አስጠግቼ አሳየኋቸው። መርፌው የት ላይ ነው አሉኝ። ሙሉ ላይ ነው አልኳቸው። ሽማግሌው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ነድተው መርፌው ሙሉ ላይ ሆኖ ያደረበትን ቀን እንደማያስታውሱ ተናገሩ።

እትዬ የሺ አልሳቁም። ተነሱ። «እስቲ ክብደቱን ልየው» አሉና ሀብሉን ከእጄ ወሰዱ፤ የራሳቸውን ወርቅ ወደ ቀሚሳቸው ውስጥ ከተቱና የእኔን ደረታቸው ላይ አጋድመው፣ ጀርባቸውን ሰጡኝ፤ «ያዘው»።

ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ። እኔ ያዝ ስባል የማውቀው አንድ አያያዝ ብቻ ነው። በጓንት፣ በአንድ ክንድ ርቀት፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ሁለቱን የሽቦ ጫፎች አገናኘሁ። ፒንሳው ከኪሴ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ጠመዘዝኩ። ትርፉን ቆረጥኩ። ጫፉን ወደ ውስጥ ቀበርኩ። እንዲያውም ሥራዬን ለማጣራት በጣቴ ነካ ነካ አደረግሁት፤ ንቅንቅ የለም። እጅግ ያማረ አሠራር ነበር።

«ከባድ ነው» አሉ እትዬ የሺ በመስታወት እያዩ። «እሺ፣ አውልቀው።»

ፒንሳዬን አየሁ። አንገታቸውን አየሁ። ሂሩትን አየሁ፤ ሂሩት ሁሉም ነገር ገብቷት ጣሪያውን ታያለች። ሽቦው ካልተቆረጠ አይፈታም። ከተቆረጠ ደግሞ ሀብሉ ሙሉ በአንድ ሽቦ የተሰካ ነውና ቁልፉም ክቡም መለኪያውም ወለሉ ላይ ይበተናል፤ ሌላ ሽቦ አልያዝኩም፣ ጥቅልሉ አል ካራማ ነው። ይህን በተቻለኝ ትሕትና አስረዳሁ። የሱራፌል እናት ከስልኩ ውስጥ «በጥሎሹ ቀን ሀብል ሊበጠስ? በስማም በሉ!» አሉ። ሱራፌል ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰውነቱ ብቻ ነበር። ብሌን ማልቀስ ጀመረች፤ ማስኳ ረጠበ።

አንዱ ሳይቆረጥ በራስ በኩል ይውለቅ አለ። እትዬ የሺ ማንም እንዳይጠጋኝ ብለው ብቻቸውን ወደ መኝታ ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉ። እኛ ጠበቅን። በሕይወቴ ሞተር ሳይነሳ ቀርቶ ብዙ ጠብቄያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ጠብቄ አላውቅም።

በሩ ተከፈተ። የነዳጅ መለኪያው አሁንም ደረታቸው ላይ ነው። በእጃቸው ግን የራሳቸውን ወፍራም ወርቅ ይዘዋል።

«አልወለቀም» አሉ። «እንግዲህ ምን ይደረጋል። አንገቴ ላይ የገባ ጥሎሽ ወደ ሻንጣ አይመለስም።» ብሌን ፊት ቆሙ፣ ወርቁን በራሷ በኩል አጠለቁላትና ቀሚሷ ላይ አስተካከሉት። «የሙሽራ አንገትም ባዶ አይሆንም።» ከዚያ ወደ ስልኩ ዞሩ። «ታፈሰ፣ ተቀብለናል።»

እልልታ ከማስክ ውስጥ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ታፍኖ፣ ሞቆ፣ የትም እንደማይሄድ ሆኖ ይወጣል። እኛ ግን አልሰነፍንም። የሱራፌል እናት በአዲስ አበባ፣ ጋሽ ታፈሰ በናዝሬት፣ እኛ በአል ሙዋይጂ፣ አንዱ ከሌላው በስልኩ ዘግይቶ እየተቀባበልን ቤቱን አናጋነው። ሱራፌል ርቀት የሚባለውን ረስቶ ተንበርክኮ የእትዬ የሺን ጉልበት ሳመ። እኔም አለቀስኩ፤ ለምን ብዬ እደብቃለሁ። በመንገዳችን ላይ ሂሩት ወርቅ ላበደረ ጠጠር የተባለው ለእትዬ የሺ ነው እያለች እስከ አቡዳቢ ድረስ ሳቀችብኝ።

ብሌን ቀረች፤ በረራው ያለ እሷ ሄደ። እኔን ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። አንዲት የተከበሩ ሴት የላንድክሩዘር ዕቃ አንገታቸው ላይ አስረው ይተኛሉ፣ ይታጠባሉ። የመንገድ ፈቃድ እንዳገኘሁ መቁረጫዬንም አዲስ ጥቅልል ሽቦም ይዤ ወደ አል አይን ገሰገስኩ፤ ቆርጬ፣ መልሼ ልሠራው።

እትዬ የሺ በሩን ከፈቱ። አንገታቸው ባዶ ነው። ሹሩባውም ተፈትቷል። ሀብሉ ከኋላቸው፣ በመስታወቱ ጥግ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ተጠግቼ አየሁት፤ ሽቦው እንደጠመዘዝኩት ነው፣ የቆረጠውም የነካውም የለም። እሳቸው አንስተው በራሳቸው በኩል አጠለቁት፤ መልሰው በራሳቸው በኩል አወጡት፤ እንደ ነጠላ ቀለል ብሎ ወጣ።

«ያን ቀንስ ታዲያ?» አልኳቸው።

«ያን ቀንማ አዲስ ሹሩባ ተሠርቼ ነበር» አሉ ሀብሉን ወደ ሚስማሩ እየመለሱ። «ይበላሽብኝ?»

ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸው ግን ወደ ወጥ ቤት ጉዞ ጀምረው ነበር። በሩ ላይ ቆም አሉ።

«ደግሞስ ባወልቀው ኖሮ፣ ልጄ፣ ወርቅ ካልመጣ ብዬ ከርሜ ምን ብዬ ልቀበላችሁ ነበር?»

ያቀረቡልኝን ምሳ በላሁ።